ችግሩ ሁሌ የግንዛቤ ማነስ ነው?

የጤና ዕቅድና ሪፖርት ደጋግሞ ያነበበ ሰው አንዲት ሐረግ በቃሉ ይይዛታል፤ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ»። የደም ግፊት በዛ? የግንዛቤ ማነስ። የስኳር ሕመም ተስፋፋ? ያው እሱ ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ መድረክ፣ ፖስተር፣ በራሪ ወረቀት፣ አንዳንዴም ቲሸርት። ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርት የሚደረገው ስንት ሰው እንደተሰበሰበና ስንት ወረቀት እንደተበተነ ነው። የስንት ሰው ደም ግፊት ወረደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ምክር ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ብዙ ሕይወት ያተረፈበት ጊዜ አለ። ለረጅም ዓመታት ሐኪሞችም ሆኑ የልጅ አስተዳደግ መጻሕፍት ጨቅላ ሕፃን በሆዱ እንዲተኛ ይመክሩ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ምክሩ ተገለበጠና «በጀርባው አስተኙት» የሚል ዘመቻ በተለያዩ አገሮች ተጀመረ። ተኝተው በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በብዙዎቹ አገሮች ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የሚያንገበግበው ሌላው ነገር ነው። በ2005 የቀድሞዎቹን ጥናቶች አንድ ላይ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ በሆድ መተኛት አደገኛ መሆኑን ለመናገር የሚበቃው ማስረጃ በ1970 ገደማ ተገኝቶ እንደነበር ደረሱበት። በየመጽሔቱ ተበታትኖ ስለነበር ግን ሰብስቦ የደመረው አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሕፃናት የሞቱት ጥናት ጠፍቶ ሳይሆን ጥናቱን የሚያጠናቅር ጠፍቶ ነው።

ዘመቻው የተሳካው ነገሩ በወላጆች እጅ ስለነበረ ነው። ሕፃን ገልብጦ ማስተኛት ገንዘብ አያስወጣም፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ከማንም ነጋዴ ጋር አያጋጭም። ስለዚህ ማንኛውም የጤና ዕቅድ ሲወጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ይመስለኛል፦ እንዲለወጥ የምንፈልገው ነገር በሰውየው እጅ ነው ወይስ አይደለም?

እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት እንይ። በ1920ዎቹ የሞተር ማንኳኳትን (ነዳጁ ያለ አግባብ ሲቀጣጠል የሚሰማውን ድምፅ) ለማስቀረት የእርሳስ ውህድ ቤንዚን ውስጥ መጨመር ተጀመረ። መርዝነቱ የተሰወረ አልነበረም። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ በሚገኝ ማጣሪያ ውህዱን የሚያዘጋጁ ሠራተኞች እየቃዡና አእምሯቸውን እየሳቱ ሞተዋል። ያኔውኑ የተቃወሙ የጤና ባለሙያዎችም ነበሩ፤ ግን አምራቾቹ ራሳቸው ገንዘብ የሚከፍሏቸው ተመራማሪዎች «በሰው ደም ውስጥ ጥቂት እርሳስ መኖሩ የተፈጥሮ ነው» እያሉ ለአሥርት ዓመታት አሳመኑ። ይህን አባባል በ1965 ያናጋው ሰው ሐኪም እንኳ አይደለም። ክሌር ፓተርሰን የምድርን ዕድሜ በእርሳስ ሲለካ የኖረ የጂኦኬሚስትሪ ሊቅ ነበር፤ ናሙናዎቹን የሚበክልበት እርሳስ ከየት እንደሚመጣ ሲያጣራ ነው ጉዳዩ ላይ የወደቀው።

እስቲ በዚያ ዘመን አውራ ጎዳና ዳር ለምትኖር እናት ምን የሚል ፖስተር ይለጠፍላታል? ልጅሽ አየር እንዳይስብ አድርጊ? ግንዛቤዋ የፈለገውን ያህል ቢዳብር የምትችለው ነገር አልነበረም። መፍትሔው ቤንዚኑ ላይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የቤንዚን እርሳስ እየቀነሰ በሄደበት ከ1976 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ብቻ በሕዝቡ ደም ውስጥ ያለው አማካይ መጠን 37 በመቶ ያህል ወረደ፤ አንድም ሰው ባህሪውን ሳይለውጥ። ለመኪና የሚሸጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከዓለም ገበያ ጨርሶ የወጣው ግን በ2021 አልጄሪያ ስታቆም ነው። መቶ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው!

በሁለቱ መካከል ያለው ነው አስቸጋሪው፤ የሚበላውና የሚጠጣው። የሚገዛው ሰውየው ቢሆንም የሚያመርተው ሌላ ነው፣ ዋጋውንም ሌላ ነው የሚቆርጠው። ብሪታንያ በ2016 አሳውቃ በ2018 ሥራ ላይ ያዋለችው የለስላሳ መጠጥ ቀረጥ እዚህ ላይ ብልህ ነበር። በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለው መጠጥ ይቀረጣል፤ 8 ግራም ከደረሰ ቀረጡ ይከብዳል፤ ከ5 ግራም በታች ከሆነ ምንም አይከፈልም። የሁለት ዓመቱ ጊዜ የተሰጠው ለአምራቾቹ ነው። ብዙዎቹም ቀረጡ ሳይጀመር ቅመማውን ቀይረው ከ5 ግራም በታች አወረዱት። ጠጪው ያንኑ መጠጥ ከዚያው መደርደሪያ እያነሳ ያነሰ ስኳር ጠጣ።

ቀረጥ ሁሉ ግን እንዲህ አይሆንም። ዴንማርክ በ2011 ቅቤን በመሳሰሉ ስብ የበዛባቸው ምግቦች ላይ የጣለችው ቀረጥ ድንበር ተሻግሮ መሸመትን አስከትሏል ተብሎ ብዙ ወቀሳ ወረደበትና ከአንድ ዓመት ጥቂት አልፎ ተሻረ። «ሕግ ይውጣ» ማለት ብቻውን ከፖስተር ብዙም አይሻልም።

በምክር የሚያምኑ ሰዎች ሁሌ የሚጠቅሱት የፊንላንዷን ሰሜን ካሬሊያ ነው፤ ይጥቀሱ፣ ግን ታሪኩን ሙሉ ይናገሩት። አውራጃው ያኔ በልብ ሕመም ሞት ከዓለም ቀዳሚዎቹ መካከል ነበር። በ1971 የአካባቢው ተወካዮች መንግሥት እንዲደርስላቸው አቤቱታ አቀረቡ፣ ፕሮጀክቱም በ1972 ተጀመረ። አዎ፣ የሴቶች ማኅበራት የምግብ አዘገጃጀት አስተምረዋል፣ ነርሶች የደም ግፊት ለክተዋል። ከዚያ ጎን ለጎን ግን የቋሊማ አምራቾች ስቡንና ጨውን እንዲቀንሱ ተደርጓል፤ ከወተት ሀብት ውጭ ኑሮ ያልነበራቸው ገበሬዎችም ወደ እንጆሪና መሰል ፍሬዎች ልማት እንዲዞሩ ተደግፈዋል። የገበሬውን ገቢ ሳትነካ ቅቤ ቀንሱ ብትል ማን ይሰማሃል? በአርባ ዓመት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች መካከል በልብ ሕመም የሚከሰተው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ይህን ማወቅ የተቻለው ደግሞ ገና ሲጀመር ሕዝቡ ስለተለካ፣ በየአምስት ዓመቱም እየተመላለሱ ስለለኩት ነው።

ሀብት የሚጎድለውም እዚህ ላይ ነው። የተጣራ ማስረጃ ፈልጎ ለማግኘት ዛሬ እንደ 1970 አይቸገሩም፤ በ1993 የተቋቋመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት የዓለምን የሕክምና ጥናቶች እየሰበሰበ፣ እያበጠረ ያቀርባል። ችግሩ ያንን አንብቦ «ይህ ለኛ ይሆናል፣ ያ አይሆንም» የሚል ባለሙያ በየጤና ጽሕፈት ቤቱ አለመኖሩ ነው። በብዙ ደሃ አገሮች እንዲያውም ሰው በምን እንደሞተ ሳይመዘገብ ይቀበራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» በየመድረኩ ይተረታል፤ በጀት ሲደለደል ግን ለመዝገብ ያዡም ሆነ ለስታቲስቲክስ ባለሙያው የሚደርስ የለም። ሆስፒታል ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ሳይታመም ለቀረ ሰው ምን ይቆረጣል?

ስለዚህ በጀት አጽዳቂዎች በቀላሉ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ። ማንኛውም የጤና ፕሮግራም ገንዘብ ሲጠይቅ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚለካ፣ ማን እንደሚለካው፣ ለዚያም ስንት እንደያዘ ያሳይ። ውጤቱ ባዶ ከሆነ የሚቋረጥበት ቀንም አብሮ ይጻፍ። ይህን ሳያሟላ የመጣ ዕቅድ፣ ፖስተሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለአቅራቢው ይመለስለት።