ጭሰኛ ያልገባበት ምክር ቤት

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ክርክር ላይ አንድ ተንታኝ የጃንሆይ ፓርላማ እጅ ከማውጣት ሌላ ሥራ እንዳልነበረው፣ መንግሥት ያቀረበለትን አንድም ነገር እንዳልከለከለ፣ አባላቱ እነማን እንደነበሩ ማጥናትም ጊዜ ማባከን እንደሆነ ሲናገሩ ተደመጡ። አወያዩም ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ይህ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

«አንድም ነገር አልከለከለም» ነው የተባለው? እንግዲያው የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት የሚደነግገውን ረቂቅ ማን አስቀረው? ረቂቁ የመጣው ከራሱ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ሲወጡ ጉዳዩ ምክር ቤት ገብቶ ነበር። በ1958 ለመሬት ጉዳይ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ረቂቁም ተሻሽሎ ቀረበ፣ ተንከባለለ፣ እንደገና ቀረበ። አብዮቱ በ1966 ሲፈነዳ ገና አልጸደቀም ነበር። እጅ ማውጣት ብቻ የሚያውቅ ጉባኤ የመንግሥትን ረቂቅ ይህን ያህል ዓመት አንቆ አይይዝም።

ተንታኙ የሚሉት ለመጀመሪያው ምክር ቤት ቢሆን ኖሮ አልከራከርም። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛው (የላይኛው ምክር ቤት) አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን (የታችኛውን ምክር ቤት) አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ በሚል ሰበብ መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጡለታል። እንደራሴው፣ ማለትም የሕግ መምሪያው አባል፣ ሚኒስትሮች ባቀረቡት ላይ ይመክራል፤ የራሱ ሐሳብ ካለው በፕሬዚዳንቱ በኩል ለንጉሠ ነገሥቱ ያሳውቃል፣ ካልተፈቀደ አይመክርበትም። ይኸው ነው።

የ1948ቱ ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠር አለማንበብ ነው። አሥር አባላት ከተስማሙ ረቂቅ ማቅረብ ይችላሉ። የግብርና የበጀት ጉዳይ መጀመሪያ የሚቀርበው ለሕግ መምሪያው ነው። 200,000 ነዋሪ ያለው የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይልካል፤ በ1950 በተከፈተው ጉባኤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ተመርጠው ገብተዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሥልጣን ምን ላይ አዋሉት?

መልሱ ያለው ተንታኙ አይጠናም ባሉት በአባልነቱ መስፈርት ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ እጩው በሚወዳደርበት ወረዳ ነዋሪና ባለ ንብረት እንዲሆን ያዛል። የምርጫ ሕጉ ደግሞ ልኩን ቆረጠው፤ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት። አሁን ይህን ወደ አንድ እኩል አራሽ ደጅ ውሰዱት። መሬቱ የሌላ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው መስፈርት ወድቋል። ሁለተኛው ይቀራል። ጥማድ በሬውን፣ ላሙን፣ ሞፈር ቀንበሩንና የጎተራውን እህል ቢደምር፣ ያውም የምርቱን ግማሽ ለባለ መሬቱ ከሰፈረ በኋላ፣ 2,000 ብር ከየት ይሞላል? የምርቱን ሲሶ የሚከፍለው ሲሶ አራሹም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ድምፅ መስጠት ይችላል፣ መመረጥ አይችልም። የፖለቲካ ፓርቲ ደግሞ የለም፤ የሚያደራጀውና ወጪውን የሚሸፍንለት ማንም አልነበረም። በሩ የተዘጋው ገና ምርጫው ሳይጀመር ነው።

«ብዙዎቹ እንደራሴዎች አስተማሪና ጸሐፊ ነበሩ፣ ፊውዳል አልነበሩም» የሚለውን መከራከሪያም አውቀዋለሁ። አስተማሪውም መስፈርቱን አሟልቶ ነው የገባው። ከነጻነት በኋላ ለአርበኛው፣ ለወታደሩና ለመንግሥት ሠራተኛው መሬት በጋሻ ይታደል እንደነበር ደግሞ ማንም አይክድም፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ደመወዝተኛ መሆን ባለ መሬት ከመሆን አያግድም።

ከዚህ ሁሉ በላይ መወሰኛው አለ። ዕድሜያቸው ከ35 ያላነሰ፣ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ፣ ቁጥራቸው ከእንደራሴዎቹ ግማሽ የማይበልጥ፣ ስድስት ዓመት የሚቀመጡ መኳንንትና የቀድሞ ሹማምንት። ሕግ ለመሆን የሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ ያስፈልጋል። ረቂቁ ከታች አምልጦ ቢወጣ እንኳ የሚጠብቀው ይህ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከፈለጉ የጭሰኛውን ጉዳይ በድንጋጌ፣ ማለትም ምክር ቤቱን ሳይጠብቁ በሚያወጡት ሕግ፣ ይጨርሱት ነበር የሚሉም አሉ። ጉባኤው ከጥቅምት 23 እስከ ሰኔ 1 ይቀመጣል፤ በተዘጋባቸው ወራት ለአስቸኳይ ጉዳይ ድንጋጌ ማውጣት ይቻላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ድንጋጌው ጉባኤው እንደተከፈተ ለሁለቱም ምክር ቤቶች ይላካል፤ ካልተቀበሉት ይሻራል። የሚላከውም ለእነዚያው ባለ መሬቶች ነው።