ዋናው ገጸ ባህሪ ዝም ያለው ጓደኛ ይሁን

ስለ ጭቆና የሚሠራ የተማሪዎች ድራማ መጨረሻው ገና ከመጀመሪያው ይታወቃል። አንድ ክፉ ልጅ አለ። ድምፁን አጎርንኖ፣ እጁን አጣምሮ ይቆማል። አንዲት ተበዳይ አለች። ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ከዚያ አንድ አስተዋይ ልጅ ብቅ ይልና ረጅም ንግግር ያደርጋል። ክፉው ይጸጸታል፣ ይተቃቀፋሉ። ጭብጨባ፣ ፎቶ፣ አለቀ። ተመልካቹም ከንፈሩን መጥጦ ይወጣል።

ችግሩ በዚህ ድራማ ውስጥ ራሱን ያየ ሰው አለመኖሩ ነው። "ያ ክፉ እኔ ነኝ" ብሎ የሚያስብ ማን አለ? አዳራሹን የሞላው ልጅ አብዛኛው በዳይም ተበዳይም አይደለም። አጠገባቸው የነበረ ነው። ሙድ ሲይዙባት ሰምቷል። ትንሽ ሳቅም ብሎ ይሆናል። ከዚያ "ምን አገባኝ" ብሎ አለፈ። ስለዚህ ተማሪዎች ስለ ጭፍን ጥላቻ ድራማ ሲሠሩ ዋናውን ገጸ ባህሪ እዚያ መሐል ቢፈልጉት እላለሁ። ከሁለቱም ወገን ወዳጅ ያለው፣ ዝም ያለው ጓደኛ።

ምክንያቴ ከሥነ ምግባር በፊት የሙያ ነው። ድራማ የሚጥመው ሰው ሲቸገርና ሲመርጥ ነው። በዳዩ መርጦ ጨርሷል። ተበዳይዋ ምርጫ ተነፍጋለች። ጓደኛው ግን ቢናገር ቡድኑን ያጣል፣ ዝም ቢል ጓደኛውን ያጣል። ለአዋቂ ሰው ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። የ15 ዓመት ልጅ ግን ከቡድን መውጣት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ያውቃል።

ሥራው በጽሑፍ ባይጀመር ይሻላል። ተማሪ ብዕር ሲይዝ ንግግር ይጽፋል፤ ያውም የአዋቂ ንግግር። በምስል ይጀምሩ። አምስት አምስት ሆነው፣ ያለ ቃል፣ እንደ ሐውልት ደርቀው አንድ ቅጽበት ያሳዩ፦ አንድ ሰው እንዳልተፈለገ የገባው ቅጽበት። የመጀመሪያው ምስል ሁልጊዜ ያው ነው። አንዱ መሬት ላይ ተደፍቷል፣ አራቱ ጣት ቀስረውበታል። ይሁን፣ ይውጣላቸው። ከዚያ "አሁን ደግሞ ማንም ማንንም ሳይነካ አሳዩን" ይባሉ። ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ለምሳሌ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል። አምስት ወንበር ተደርድሯል። አራቱ ተይዘዋል፣ አንዱ ባዶ ነው። አንዲት ልጅ ወደ ባዶው ትመጣለች። አጠገቡ የተቀመጠችው ቦርሳዋን ከመሬት አንስታ ወንበሩ ላይ ታስቀምጣለች። አልሰደበቻትም፣ አልገፋቻትም። ከሁለት ወንበር ወዲያ የመጪዋ የልጅነት ጓደኛ አለች። ቦርሳውን ታያለች። ከዚያ ስልኳን ታያለች።

እዚህ ላይ ትዕይንቱን ማቆም ነው። መሪው የእያንዳንዳቸውን ትከሻ ነካ ያድርግ፤ የተነካው በዚያች ሰከንድ በልቡ ያለውን ጮክ ብሎ ይናገር። ቦርሳ ያስቀመጠችው "ለሌላ ሰው ቦታ እየያዝኩ ነው እንጂ ምን አደረግኩ?" ትል ይሆናል። ጓደኛዋ ደግሞ "ባትፈልገኝ ምናለ፣ ሌላ ቦታ ብትሄድልኝ" ብትልስ? ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከንግግሩ ሁሉ ትበልጣለች። ከዚህ በኋላ ሴራው ራሱን ይጎትታል። ከአምስት ደቂቃ በፊት ምን ተባለ? ቦርሳ ያስቀመጠችው ስለ "እነሱ" ምን እየሰማች አደገች? ሁለቱ ጓደኛሞች ማታ ብቻቸውን ሲገናኙ ምን ያወራሉ? ምንም እንዳልተፈጠረ ቢያወሩ ይበልጥ ያማል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ጭፍን ጥላቻና ጭቆና አንድ አይደሉም። ጥላቻው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጭቆና የሚሆነው አቅም ሲያገኝ ነው፤ ወንበር የሚከለክል፣ ቡድን የሚመድብ፣ አቤቱታ ሰምቶ ዝም የሚል ሲያገኝ። ስለዚህ ድራማው ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰው ይግባ። ክፉ መሆን የለበትም። እንዲያውም ደግና የሚወደድ አስተማሪ ይሁን። ልጅቷ የሆነባትን ስትነግረው "በቃ ሁለታችሁም ይቅር ተባባሉ" ይላታል። ልጅቷ ምን አጥፍታ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? ይህን ትዕይንት በትክክል የጻፈ የተማሪዎች ቡድን አዳራሹ ውስጥ ያሉ መምህራንን መቀመጫቸው ላይ ያቁነጠንጣቸዋል። ቢቁነጠነጡ ጥሩ ነው።

"እነሱ" ማን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ያከራክራል። እኔ ለተማሪ ድራማ የፈጠራ ልዩነትን እመርጣለሁ። የእውነተኛ ወገን ስም ከነስድቡ መድረክ ላይ ሲጠራ ሳቅ ያስነሳል፤ በማግስቱ ስድቡ ኮሪደር ላይ ይገኛል። የፈጠራው ልዩነት ግን እንደ እውነተኛው ጥብቅ ሕግ ይኑረው። ማን የት ይቀመጣል፣ ማን ቀድሞ ይናገራል፣ የማን ቀልድ ያስቃል። ተመልካቹ የቀረውን ከራሱ ይሞላዋል።

ይህን ስል ግን ልዩነቱን በተመልካቹ ላይ መሞከር ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግስት፣ ጄን ኤሊየት የተባለች የአሜሪካ አስተማሪ የሦስተኛ ክፍል ልጆቿን በዓይናቸው ቀለም ከፍላ አንዱን ወገን የበላይ አደረገች። ልጆቹ ወዲያው ተለዋወጡ። ሙከራው ዝነኛ ሆነ፤ ሳያውቁ የገቡበትን ሕፃናት ስሜት ጎድቷል የሚል ትችትም ተከተለው። ድራማ ከዚህ የሚሻለው መግቢያውና መውጫው ስለሚታወቅ ነው። እሱም ከተጠነቀቁለት ነው። በሕይወቷ የተገለለችውን ልጅ "አንቺ ስለምታውቂው አንቺ ተጫወቺው" ማለት ግፍ ነው። በልምምድ ላይ የተነገረ የግል ታሪክም ከነባለቤቱ መድረክ አይወጣም። ሁሉም ተራ በተራ በዳይም ተበዳይም ዝም ባይም ሆነው ይጫወቱ። ሲጨርሱ እጃቸውን አራግፈው፣ ስማቸውን ጠርተው፣ ስለ ሌላ ነገር ትንሽ አውርተው ይውጡ። ቀላል ይመስላል እንጂ ሰድቦ የዋለ ልጅ ከተሰደበው ጋር አብሮ ወደ ቤት ለመሄድ ይህ ያስፈልገዋል።

በነገራችን ላይ ከትርኢቱ ይልቅ ልምምዱ የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንደጻፈው፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ብቻውን ጥላቻን አያበርድም። እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ መተጋገዝና ከላይ ያለው አካል ድጋፍ ሲኖር ነው ለውጥ የሚመጣው። የድራማ ቡድን ሦስቱን በቀላሉ ያሟላል። የሚያስቸግረው እኩልነቱ ነው። ስለ መገለል የሚሠራ ድራማ ውስጥ ዋናዎቹን ገጸ ባህሪያት የሚጫወቱት ሁልጊዜም ታዋቂዎቹ ልጆች፣ ወንበር የሚያመላልሱት ደግሞ ሁልጊዜም ሌሎቹ ከሆኑ ድራማው መድረክ ላይ ሳይወጣ ከሽፏል።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። ማቀፉ ይቅር። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል በ1970ዎቹ የቀመረው፣ ተመልካቹ የሚሳተፍበት "ፎረም ቴአትር" የሚባል አሠራር ለዚህ ይመቻል። ታሪኩ በመጥፎ ያልቃል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል፤ አሁን ግን ተመልካቹ "ቁም!" ብሎ መድረክ ላይ ይወጣና በገጸ ባህሪው ቦታ ሆኖ ሌላ መንገድ ይሞክራል። በዳዩን ተክቶ በአንዴ ደግ ማድረግ አይፈቀድም፤ ያ አስማት ነው። የአሠራሩ መነሻም ደስ ይላል። ቦአል በ1973 ፔሩ ውስጥ ባሏ ስላታለላት ሴት ትዕይንት ያሳያል። አንዲት ተመልካች "በግልጽ ታናግረው" የሚል ሐሳብ ታመጣለች። ተዋናዮቹ ደጋግመው ሞከሩት፤ ሴትየዋ ግን አልረካችም። በመጨረሻ ራሷ እንድታሳይ ጋበዛት። ወጣችና ባል ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ በመጥረጊያ ዠለጠችው። "ግልጽ ንግግር" ለእሷ ያ ነበር። ተዋናዩ ስለ ተመልካቹ ሆኖ ሊናገርለት እንደማይችል ቦአል የገባው ያኔ ነው።

የተማሪዎቹ ድራማ ላይ ተመልካቹ የሚተካት ያቺ ስልኳን ያየችውን ጓደኛ ነው። መጀመሪያ ማንም አይነሳም። መሪው ዝምታውን ይቻለው፣ በንግግር አይሙላው። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ቦርሳውን ይወረውረዋል፣ አዳራሹም ያጨበጭባል። ጥሩ፤ ቀጥሎ ምን ይሆናል? ቡድኑ በማግስቱ ምን ያደርጋታል? ትዕይንቱ ይቀጥልና ይታይ። ሌላዋ ወጥታ ምንም ሳትል ከወንበሯ ትነሳና ከቆመችው ጋር ትቆማለች። እሱስ ይሠራል? ተዋናዮቹ እንደ ገጸ ባህሪያቸው ይመልሱ እንጂ አያመቻቹላት። ለድራማው ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ለዚህኛው ክፍል እጥፉ ይያዝለት። ንግግር የሚያደርግ የክብር እንግዳ ካለም ከድራማው በፊት ይናገርና ይጨርስ።