ከ549 ዶላር ጀምሮ

በዲሲና በአካባቢው ያለን ሐበሾች በብዙ ነገር እንታማለን። ሰዓት አናከብርም፣ ተሰብስበን አንስማማም፣ ማኅበር ጀምረን አንዘልቅም ይሉናል። ይሁን። በአንድ ጉዳይ ግን የሚገባንን ምስጋና የነፈጉን ይመስለኛል፤ እሱም የክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ አያያዛችን ነው። ፈረንጅ መርከብ ከመያዙ በፊት ወር ሙሉ ይጨነቃል፤ የትኛው ወደብ ይቆማል፣ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ልጆቹ ምን ሲሠሩ ይውላሉ፣ ወቅቱስ እንዴት ነው እያለ ራሱን ያደክማል። እኛ ይህን ሁሉ ጣጣ ወደ አንድ ጥያቄ አሳጥረነዋል፦ «ስንት ነው?» «ከ549 ጀምሮ» ከተባለ አለቀ፤ ካርድ ይወጣል። «ለመሆኑ ወዴት ነው የሚሄደው?» የሚል ከተገኘም መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ባሕር ላይ ነዋ! ወዴት ይሂድልህ?»

የዚህን ቁጥር ክብር ለመረዳት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ትንሽ መቆም ይበቃል። ከጉዞ የተመለሰን ሰው ስለ ባሃማስ ውኃ የሚጠይቀው የለም። ጥያቄው «በስንት ሄዳችሁ?» ነው። በ549 የሄደ በ700 በሄደው ላይ ይነግሣል፤ ባለ 700ው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኛ እንኳ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለገጠመብን ነው» ይላል። እስከ ዛሬ «በስንት ተመለሳችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ነውርም ነው፤ የሰው ገመና ነው።

ቁጥሩ ራሱ ጥበብ አለበት። 549 ለአንድ ሰው ነው፤ ያ አንድ ሰው ግን ክፍሉን የሚጋራው ሌላ አንድ ሰው ሊኖረው ይገባል። ብቻውን የሚሄድ ላጤ አብዛኛውን ጊዜ የባዶውን አልጋ ዋጋም አብሮ ይከፍላል። ይህን ሲሰሙ መርከቡን ትተው ስለ ትዳር ማሰብ የጀመሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሽማግሌዎቻችን በስንት ምክር ያልቻሉትን አንድ የዋጋ ሰንጠረዥ አደረገው።

ካሊፎርኒያ ግን በቁጥሩ ላይ ክፉ ሥራ ሠርታለች። ቀድሞ የወደብ ክፍያውና ግብሩ ብቅ የሚለው መጨረሻ ላይ፣ ልብ ከተሰጠ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የዚያ ግዛት ሕግ የግዴታ ክፍያዎች ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ተደምረው እንዲታዩ አዘዘ፤ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎችም በመላው አሜሪካ እንደዚያው ማሳየት ጀመሩ። ሕጉ የወጣው ለግልጽነት ነው ይባላል። ለእኛ የዋጋ ጭማሪ ነው። «ያን ርካሽ ነገር አስወደዱት» እያልን አንድ በጋ ሙሉ አማረርን። ደግነቱ ሁሉን አልነካብንም፤ ቲፑ፣ ኢንተርኔቱ፣ መጠጡና የመኪና ማቆሚያው አሁንም በየጥጋቸው አድፍጠው ይጠብቁናል።

እስቲ አንድ ባልና ሚስት እንውሰድ። ሰባት ሌሊት፣ መስኮት የሌለው ውስጠኛ ክፍል፣ 549 ለሁለት ሰው 1,098 ዶላር። ቲፕ በየሰውና በየቀኑ ይቆረጣል፤ እንደ ኩባንያው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው፤ 18 ብንለው 252 ይሆናል። ወደ መጠጡ እንምጣ። ባል «ፓኬጁ ይሻላል፤ በቀን ሒሳብ አስቀድሞ ከፍሎ መጠጣት ነው፤ በየብርጭቆው መፈረም ያሳቅቃል» ይላል። በብዙዎቹ መርከቦች ደግሞ አንዱ የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ በዚያው ክፍል ያለ ሌላ አዋቂም መግዛት አለበት። ሚስት ከኮካ ሌላ አትነካም። ቢሆንም ትገዛለች። በቀን 75 ዶላር እንበል፤ ለሁለት ሰው፣ ለሰባት ቀን፣ 1,050። ክፍሉ ከነአልጋው፣ ከነምግቡ፣ ከነባሕሩ 1,098፤ መጠጡ ብቻውን 1,050። ድምሩ 2,400 ዶላር፣ ያውም መነሻው ባልቲሞር ወደብ መኪና ሳይቆም፣ ባሃማስ ናሶ ላይ ታክሲ ሳይያዝ።

ባል የሚያስበው ግን በሌላ ሒሳብ ነው። አንዳንዱ ፓኬጅ በቀን እስከ 15 የአልኮል መጠጥ ይፈቅዳል። «ስድስተኛው ላይ የራሴን አወጣለሁ፤ የእሷንም ለማውጣት እስከ አሥራ አንደኛው መዝለቅ አለብኝ፤ ከዚያ በላይ ትርፍ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ የቤተሰብ ኃላፊነት የት ይገኛል? ሦስተኛው ቀን ላይ እንደ ታክሲ ሾፌር ሁለት ፈረቃ መግባት ይጀምራል፤ ጠዋት ገንዳው ዳር፣ ማታ ካዚኖው አጠገብ። ሚስት የ75 ዶላር ኮካዋን ይዛ ትጠብቀዋለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ብር ሲወጣ አይታይም። የክፍሉ ቁልፍ የሆነችው ካርድ ቡናውንም፣ ፎቶውንም፣ ቢንጎውንም ትከፍላለች፤ ጥሬ ገንዘብ እምብዛም አይነካም። ዓይን ያላየው ወጪ ደግሞ በእኛ ዘንድ ወጪ አይባልም።

መርከብ ላይ በእርግጥ ከዋጋው ጋር የተካተተ ነገር ቢኖር ምግብ ነው። ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ይበላል፤ ጿሚ ነኝ ላለም አትክልቱ፣ ሩዙና ፍራፍሬው ሞልቷል። ስለዚህ እኛ ምግቡን ከቤት ይዘን እንሄዳለን። ባልቲሞር ተርሚናል የፍተሻው ማሽን አጠገብ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ የማያልፍ ዕቃ የሚደረደርበት። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከነልጃቸው እዚያ ቆመዋል። ሻንጣው ተከፍቶ ድርቆሽ በላስቲክ፣ ዳቦ ቆሎ በቡና ቆርቆሮ፣ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዕጣን ወጣ። በመጨረሻ ከጋቢ ውስጥ ጀበናው ብቅ አለ። ቤት የተሠራ ምግብ አይገባም፤ የሚግል ዕቃ፣ ሻማና ዕጣን በእሳት ምክንያት ክልክል ነው። ጠባቂው ጀበናውን በሁለት እጁ አንስቶ በአንገቱ በኩል ወደ ውስጥ አጮለቀና «ይሄስ?» አለ። ልጅቷ ፈጠን ብላ «የአበባ ማስቀመጫ ነው» አለችው። ምድጃው፣ ዕጣኑ፣ ድርቆሹና ዳቦ ቆሎው ቀሩ፤ ጀበናው ባሃማስን አየ። እናት ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ዞር ብለው እያዩ «እንግዲህ ሰባት ቀን ምን ልንበላ ነው?» አሉ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚቀለብበት መርከብ ከጀርባቸው ቆሟል።

በውስጠኛው ክፍል ላይ ግን አላሾፍም፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ክፍል ለመኝታ ነው፤ ባሕሩን ከላይ ከመርከቡ ሰገነት እንደ ባለ በረንዳው እኩል ያዩታል፤ ጨለማው ደግሞ ማታ ሠርተው ቀን ለሚተኙ ወገኖቻችን የለመዱት ነው። ምስጋናዬ ከዚያም ለረቀቁት ነው፤ ክፍሉን ኩባንያው ራሱ እንዲመርጥላቸው ፈቅደው ሃያ ዶላር ለሚያተርፉት። ኩባንያውም ይመርጥላቸዋል፤ ንጋት ላይ ወንበር ከሚጎተትበት የገንዳው ወለል ሥር። አንዳንዶቹ በዚያው ክፍል ልጆቹን ጨምረው አራት ይሆናሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ይረክሳል ስለሚባል። ቲፑ አብዛኛውን ጊዜ ለልጅ እንደማይረክስ የሚታወቀው በኋላ ነው። አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አራት ሰው፣ እራት ሰዓት ደርሷል፤ ፍቅር የሚፈተነው እዚህ ነው።

መነሻ ወደብ ሲመረጥም እንዲሁ ነን። ባልቲሞር ለእኛ ቅርብ ነው፤ ፕሌን የለም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መርከቡ ግን ውቅያኖሱን ከማየቱ በፊት የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ከላይ እስከ ታች መውረድ አለበት፤ ባሃማስ ለመድረስ ሁለት ቀን ያህል ይሄዳል፤ ለመመለስም እንደዚያው። ከሰባቱ ቀን የሚበዛው ውኃ ላይ ያልቃል። በጃንዋሪ የሄዱ ሰዎች መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ካፖርት ለብሰው ገንዳ ዳር ተቀምጠው የተነሡትን ፎቶ አይቻለሁ፤ ፈገግታቸው አልጎደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ወድቆ ወደቡ ሲዘጋና መርከቦቹ ለጊዜው ወደ ቨርጂኒያዋ ኖርፎክ ሲዛወሩም ያ ጽናት አልተናወጠም። ዋጋው አልተቀየረም ከተባለ ኖርፎክም ባልቲሞር ናት።

ከፍሎሪዳ የሚነሡት ጀግኖች ታሪክ ይለያል። ከማያሚ ወይም ከፎርት ላውደርዴል ማታ የተነሣ መርከብ ባሃማስን በማግሥቱ ጠዋት ያገኛታል፤ አጭር ዕረፍት ላለው ይሻለዋል። ችግሩ የአንድ ሌሊት ሆቴል ነው። እሱን ለማዳን መርከቡ በሚነሣበት ዕለት ጠዋት ከዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ይበራሉ። መሳፈሪያው መርከቡ ከመነሣቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል፤ የፕሌን መዘግየት ደግሞ አስቀድሞ አይነገርም። ሠርግ እስከ እኩለ ሌሊት ይጠብቀናል፣ ዝግጅቱ ሁለት ሰዓት አሳልፎ ይጀምርልናል፤ ካፒቴኑ ብቻ ነው ለእኛ ያለው ክብር ዝቅ ያለው። መርከቡ ሲሄድ ወደቡ ላይ ሻንጣ ይዘው የቀሩት ወገኖቻችን አሁንም ሆቴሉን እንዳተረፉት ይናገራሉ።

ሴፕቴምበር ሌላው መኩሪያችን ነው። ዋጋው የሚወርደው ሰው ስለማይፈልገው ነው፤ ሰው የማይፈልገው ደግሞ የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሚቆይና የሚያይለውም ሴፕቴምበር ላይ ስለሆነ ነው። ነፋስ ከመጣ ካፒቴኑ መንገድ ይቀይራል፤ ውሉም ይፈቅድለታል። ኢንሹራንስ? «እግዚአብሔር ያውቃል፤ ለምን 80 ዶላር እናጥፋ?» በሌላው ጉዳይ ሁሉ ይህን ያህል እምነት ቢኖረን የት በደረስን።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ዘመዳችን ይህን ሥርዓት ልታፈርስ ሞክራ ነበር። ቫይበር ግሩፑ ላይ «ዋጋ ከማየታችሁ በፊት አንድ የማትተዉትን ነገር ምረጡ» ብላ ጻፈች። እናንተ የምትፈልጉት ዕረፍት ከሆነ ወደብ የሚበዛበት መንገድ አይጠቅማችሁም፤ አገር ማየት ከሆነ መርከቡ ወደቡ ላይ የሚቆይበትን ሰዓት ቁጠሩ፤ ልጆች ካሏችሁ በዋጋው ውስጥ ምን እንዳለላቸው ጠይቁ፤ ከዚያ ከቤታችሁ በር ወጥታችሁ እስክትመለሱ ያለውን ጠቅላላ ወጪ በሰው አካፍሉና ያን አወዳድሩ አለች። ሰንጠረዥም አያይዛ ላከች። በሰንጠረዧ ላይ በረንዳ ያለው፣ ቲፕና መጠጥ የተካተተበት የ900 ዶላሩ ጉዞ ከባለ 549ኙ ረክሶ ተገኘ። ግሩፑ ግማሽ ቀን ዝም አለ። ከዚያ አንድ ጋሼ «900 እያላችሁ አታስፈራሩን» ብለው ጻፉ፤ አርባ ሰው አውራ ጣቱን ቀሰረላቸው። ዘመዳችን ከግሩፑ ወጣች፤ በትክክሉ ለመናገር፣ አወጧት። ከቀሩት ውስጥ «ቆይ ይቀንሳል» ሲሉ ወራት አለፈና በመጨረሻ የሄዱት ሁለት ቤተሰብ ብቻ ናቸው።

በመጨረሻው ሌሊት የወጪው ዝርዝር ስልክ ላይ ይመጣል። ባል በአውራ ጣቱ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ይገፋዋል፤ አያልቅም። «ይሄ ፎቶ የማን ነው?» «የአንተ ነው፤ ከአዞው ጋር።» «ይሄስ 42 ዶላር?» «ሦስተኛው ማታ የጋበዝካቸው ሰዎች።» «ፓኬጅ አለን አላልሽም?» «ለእኛ ነው እንጂ ለእነሱ መች ነበር!» ባል ትንሽ ያስባል። ከዚያ ብድግ ብሎ ወደ አምስተኛው ፎቅ ይወርዳል፤ የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ የሚያዝበት ጠረጴዛ እዚያ ነው። መርከቡ ላይ እያሉ ቀብድ ከከፈሉ መርከቡ ላይ የሚወጣ የስጦታ ሒሳብ ይሰጣሉ ብለውታል፤ የዘንድሮውን ዕዳ ለማቅለል የከርሞውን መያዝ ማለት ነው። ሠራተኛዋ የአላስካን ካርታ ትዘረጋለታለች። የበረዶ ግግሩን በጣቷ እያሳየች ለዚህ መንገድ በረንዳ ያለው ክፍል ቢወስዱ ይሻላል ትለዋለች።

ባል ካርታውን አላየውም። ዋጋው ያለበትን ወረቀት ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ዝቅተኛውን መሥመር ያነብና ይጠይቃታል፦ «ከውስጠኛው ክፍል የሚወርድ የለም?»