እጅ እንነሣለን ለራውንዱ ጌታ

ተለማማጅ ሐኪምን በታማሚው አልጋ ግርጌ፣ በነርሶችና በአስታማሚዎች ፊት አንገት ለሚያስደፋው ሲኒየር ሐኪም እስከ ዛሬ ሐውልት አለመቆሙ ያሳፍራል። ዕድሜውን እንደ ማቱሳላ ያርዝምልን! ሌላው አስተማሪ በወራት የማያመጣውን የጠባይ ለውጥ እሱ በአንድ ራውንድ፣ ታማሚዎችን ከአልጋ አልጋ እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት፣ ያመጣዋል።

ጥበቡን ላልታደሉት ላስረዳ። ኢንተርኑ (ተለማማጁ ሐኪም) ኬዙን፣ ማለትም የታማሚውን ጉዳይ፣ ማቅረብ ሲጀምር ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳይደርስ ይቋረጣል። «ሶዲየሙ ስንት ነው?» ከመለሰ «የትናንቱስ?» ይከተላል። እሱንም ከመለሰ በሽታው በየትኛው ሐኪም ስም እንደተሰየመ ይጠየቃል። ጥያቄው ታማሚውን ይጥቀም አይጥቀም ጉዳይ አይደለም፤ ቁም ነገሩ መልስ እስኪጠፋ መውረድ ነው። ተራ አስተማሪዎች የተማሪው ዕውቀት ያለቀበትን ቦታ ሲያገኙ ማስተማር ይጀምራሉ። የኛ ሰው ግን እዚያ ሲደርስ ሥራውን ጨርሶ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል።

ፍሬው ወዲያው ይታያል። ሠልጣኙ «አላየሁትም» የምትለውን ቃል ይረሳል። ማንም ያላየው የዐይን ውስጠኛ ክፍል «ጤነኛ» ተብሎ ይጻፋል። ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆሞ መቁጠር ይጠይቃል፤ ተቆጥሮ 28 ቢሆን ኖሮ፣ ሳንባ ምቹን ወይም የደም መመረዙን የደም ግፊቱ ከመውረዱ በፊት በጠቆመ ነበር። ቻርቱ ላይ ግን ከአልጋ 1 እስከ አልጋ 12 ያለው ሁሉ፣ እንደ መዘምራን በአንድ ምት፣ በደቂቃ 20 ጊዜ ይተነፍሳል።

የዲዩቲው (የሌሊት ተረኝነቱ) በረከት ደግሞ ይብሳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኩላሊቱ የደከመ ታማሚ የደም ፖታሲየም ለልብ አደገኛ እስኪሆን አሻቅቦ 6.9 ሆኖ ከላቦራቶሪ ይመጣል። ደሙ ሲቀዳ ሴሎቹ ከፈነዱ ቁጥሩ በሐሰት ሊያሻቅብ ስለሚችል ሠልጣኙ መጠራጠሩ ያስመሰግነዋል። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ላይ ቲ የሚባለው ሞገድ እንደ ድንኳን ሾሎ ከታየ ግን ድጋሚ ናሙና አይጠበቅም፤ ካልሲየም በደም ሥር ይሰጣል፣ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ይከተላል። ካልሲየሙ ልብን ይጠብቃል እንጂ ፖታሲየሙን አያወርድም። ሁለት ደቂቃ በስልክ የሚበቃው ትምህርት ነው። ሠልጣኙ ስልኩን ያነሣል፤ ባለፈው ሲደውል «ይህን ሳታውቅ ነው የተመረቅከው?» መባሉ ትዝ ሲለው መልሶ ያስቀምጠዋል። ናሙና ልኮ ይጠብቃል። ጌታው እንቅልፉን ይጠግባል፤ ሌሊቱም «ሰላማዊ» ተብሎ ይመዘገባል፣ የታማሚው ልብ እስከዚያ ከታገሠ።

ምቀኛ መቼም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1992 «የአንድ ደቂቃ አስተማሪ» የሚባል ባለ አምስት እርምጃ ዘዴ ያሳተሙ አሉ፦ ሠልጣኙ መጀመሪያ የራሱን ግምት ይናገር፣ ምክንያቱን ያስረዳ፣ ከኬዙ አንድ አጠቃላይ ሕግ ይማር፣ በትክክል የሠራው ተለይቶ ይነገረው፣ ስሕተቱም ይታረም። አራተኛዋን ልብ በሉልኝ! ሲኒየር አፉን ሞልቶ «የእግሩን እብጠት ከትንፋሽ ማጠሩ ጋር ማያያዝህ ልክ ነበር» ይበል? ታዲያ ግርማ ሞገሱ ምን ቀረው?

ይህን ሁሉ ውለታ የሚያጸናው የግምገማው ፎርም ነው። ሠልጣኙ አንድ ታማሚ ሲመረምር 15 ወይም 20 ደቂቃ ቆሞ አይቶ፣ ያዩትን እዚያው መንገር የሚባል ምዘና አለ። የኛ ጌታ ሳያይ ያውቃል። በወሩ መጨረሻ፣ መልኩን በማያስታውሰው ሠልጣኝ ወረቀት ላይ ከላይ እስከ ታች 4 ከ5፣ 4 ከ5 ይሞላል። ታማሚን ማክበርም 4፣ የእጅ ንጽሕናም 4 (እሱ እጁን ሳያጸዳ ከአልጋ አልጋ ሲሻገር ሠልጣኙ አይቶ ተከትሎታል፤ ነጥቡ የጋራ ነው ማለት ይቻላል)። «መሻሻል ያለበት» በሚለው ክፍት ቦታ ደግሞ ለማንም የምትሆነዋን ምክር ያሰፍራል፦ «የበለጠ ያንብብ»። ፊርማ፣ ማኅተም።