ጥርስን ነክሶ የመኖር ጥበብ

ሌላው ዓለም ጥርሱን ሲያመው ጥርስ ሐኪም ጋ ይሄዳል አሉ። ምን ዓይነት ችኩል ሕዝብ ነው! እኛ እንኳን ወግ እናውቃለን። መጀመሪያ ጎረቤት እናማክራለን፣ ቀጥሎ ማድ ቤት ገብተን መደርደሪያውን እናምሳለን፤ ሐኪሙ ዘንድ የምንደርሰው ጉንጫችን ከእኛ ቀድሞ በሩን ሲገባ ብቻ ነው።

በዚህ ጥበብ ጥርሳቸውን የነቀሉ (ይቅርታ፣ ገና ያልነቀሉ) ጎረቤታችን ጋሼን ላመስግን። የታችኛው መንጋጋቸው ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ የታየችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነበር። ያኔ ቢያስሞሏት በአንድ ቀጠሮ ታልቅ ነበር። ግን ያልጠዘጠዘ ጥርስ ይዞ ሐኪም ቤት መሄድ፣ ከሰው ሳይጣሉ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው። ጋሼ ነገሩ እስኪበስል ጠበቁ።

በሰለ። እንደ ወጉ ሌሊት፣ ጋደም ሲሉ፣ ደም ወደ ራስ ሲበረታ። የሰፈሩም ሕክምና ያኔ ተከፈተ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይጠቅጠቅ አለ፣ ሌላው አረቄ ይጉመጥመጡበት አለ፤ ጋሼ ሁለተኛውን ምክር ከታዘዘው በላይ ተከተሉ። ቅርንፉድ ያመጣችው ልጅ ብቻ ከሰው ፊት የምትቀርብ ነገር ይዛ መጣች፣ ቅርንፉድ ለጊዜው እንደሚያደነዝዝ ጥርስ ሐኪሞችም አይክዱምና። ነገር ግን ዝናውን የወሰደው አስፕሪን ድድ ላይ የለጠፈላቸው ሰው ነው። አስፕሪን ድድ ላይ ሲቀመጥ ድዱን ያቃጥላል፤ አዲሱ ቁስል ሲያንገበግብ አሮጌው ይረሳል። ከዚህ የተሻለ ማስታገሻ ከየት ይመጣል?

ከዚያ እትዬ በእፀ ፋርስ ፍሬ መጡ። ፍሬውን ፍም ላይ በትነው፣ ጋሼን በጋቢ ሸፍነው፣ ጭሱን በአፋቸው ካሳቡ በኋላ ሳህኑን ለሰው ሁሉ አዞሩ። «ያው ትሉ!» ጥርስ ውስጥ ትል የለም የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ የእትዬን ሳህን ስላላዩ ነው። ያ ነጭ ነገር የራሱ የፍሬው ውስጥ ነው የሚል ምቀኛም አልጠፋም።

ትሉ ቢወጣም ጥዝጣዜው ስላልወጣ ወደ ዘመናዊው ሕክምና ተሸጋገርን፤ ማለትም አሞክሳሲሊን። ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደማይሸጥ መመሪያው ይላል፤ እኛ ደግሞ «ሦስት ፍሬ ቁረጥልኝ» እንላለን። ጋሼ ሁለቱን ዋጡ፣ ጉንጫቸው ጎደል አለ፣ ሦስተኛዋን ከስኳር ዕቃው ኋላ «ለሌላ ሰው» አስቀመጧት። ይህቺን ፍሬ አትናቋት፤ አሜሪካ ያለው የእህታቸው ልጅ ያለ ማዘዣ ቢለምን ስለማያገኛት፣ ሰው ሲሄድ ከበርበሬው ጋር ላኩልኝ ይላል። ውስጡ ለሞተ ጥርስ ደም ስለማይደርሰው መድኃኒቱም እንደማይደርሰው ለማሰብ ጊዜ ያለው የለም።

አንድ ጠዋት ጥዝጣዜው ቀጥ አለ። ጋሼ «ዳንኩ» ብለው ቡና አስፈሉ። ነርቩ ሞቶ ነበር። በሽተኛው ሲሞት ሕመሙ መቆሙን እንደ መዳን የቆጠረ እንግዲህ የእኛ ሰፈር ብቻ አይመስለኝም።

ሁለት ሳምንት ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ መግሉ ከጥርሱ ሥር ተነሥቶ እብጠቱ ወደ አገጫቸው ሥር ወረደ፤ ምራቅ መዋጥ አቃታቸው። ይህንን ዓይነቱን እብጠት ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1836 ጽፎታል፤ የመተንፈሻ መንገድ ዘግቶ ሰው ይገድላል። በራችን ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ግን ከዚህ የከበደ ጉዳይ ይዞ ነበር፦ የላይኛውን ጥርስ ማስነቀል ዓይን ያጠፋል፤ የታችኛውስ ጆሮ ቢያደነቁር? ውይይቱ ሳያልቅ ልጃቸው ታክሲ ጠርታ አባቷን ጎትታ ወሰደች። ለሽማግሌ ክብር የሌላት ልጅ።

ዶክተሩ ተቆጡ። መግል በሞላበት ቦታ ማደንዘዣው እንደ ልብ አይሠራም፤ ቀድመው ቢመጡ አይሰማዎትም ነበር አሏቸው። መግሉ ተቀዶ ወጣ፣ መርፌው ተደጋገመ፣ በመጨረሻ መንጋጋው ተነቀለ። ሆራስ ዌልስ የሚባል አሜሪካዊ ጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1844 የራሱን መንጋጋ በሚያስቅ ጋዝ ደንዝዞ አስነቅሎ፣ ሕመም ሳይሰማው መነሣቱን እንደ ትልቅ ነገር አወራው። ምን ያወራዋል? ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ጋዝ የቻለ ሰው እኛ ሰፈር አለ።

ጋሼ ጥጥ ነክሰው፣ አትትፉ አታጭሱ ተብለው፣ መንጋጋዋን በሶፍት ጠቅልለው ተመለሱ። ጉባኤው እንደ ተቀመጠ ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ጥርሷን አገላበጡ፣ ቀዳዳዋን በመርፌ ጫፍ ቆፈሩ።

«ትሉስ?»

ጋሼ ጥጡን በምላሳቸው ገፋ አደረጉ። ባዶ እጅ መምጣታቸው አሳፈራቸው መሰለኝ።

«ዶክተሩ አስቀረው።»