ቆይ እንጂ፣ «አብዮት» ለማለት አልፈጠነም?

ያነበብኩት ጽሑፍ የልብ ደም ስር በስቴንት (ስሩን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ሲከፈት ልብን የምታግዘውን ኢምፔላ የተባለች ፓምፕ «አብዮት» ብሏታል። ኧረ ቀስ! መሣሪያዋ ታስደንቃለች፣ አልክድም። ከእርሳስ የቀጠነች ናት፤ በብሽሽት ገብታ ግራ የልብ ክፍል ድረስ ትወጣና በደቂቃ እስከ 2.5 ሊትር ደም ትገፋለች። ግን በ2012 የታተመው ፕሮቴክት ሁለት ጥናት ከድሮው የፊኛ ፓምፕ (ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ስር ውስጥ እየተነፋና እየተነፈሰ ልብን ከሚያግዘው) ጋር ሲያወዳድራት ምን ተገኘ? በ30 ቀን ውስጥ ከባድ ችግር የገጠማቸው በእሷ 35.1 ከመቶ፣ በፊኛው 40.1፤ ይህ ደግሞ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። ጥናቱም «ለውጥ አያመጣም» ተብሎ ከመንገድ ተቋረጠ። በ90 ቀን ሻል ያለ ነገር ታይቷል፣ እሺ፣ ግን ዋናው መለኪያ እሱ አልነበረም። ደግሞ እኮ ፊኛው ራሱ እንግሊዝ ውስጥ በ301 ሰው ሲሞከር፣ ቀድሞ የገባላቸውና ያልገባላቸው ከሆስፒታል እስኪወጡ ያው ነበሩ!

አባቴ ስቴንት የገባለት ቀን ስቴንቱ የገባበት ቀዳዳ እንዳይደማ ብሽሽቱ ላይ የአሸዋ ከረጢት ተጭኖበት ሳይገላበጥ ነው ያደረው፣ «እግሬን ላጥፍ» እያለ ሲለምነን። ይቺ ፓምፕ ደግሞ የምትፈልገው ቀዳዳ ከዚያ በጣም የሰፋ ነው። የመድማቱን ነገር ጽሑፉ ለምን ዘለለው?