አውቶሞቲቭ ተምሮ መኪና አለመንካት

አውቶሞቲቭ ምህንድስና ነው የምማረው፤ ግን በቃ፣ መረረኝ። ዎርክሾፑ የሚከፈተው ቁልፍ የያዘው ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። ሲከፈትም ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር አለ፣ ክፍሉ በሙሉ ይከበዋል፣ ፊት የደረሰው ብሎን ይፈታል፣ ሌላው አንገቱን አስግጎ ያያል። ይሄ ነው ልምምዱ!

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አዲስ አበባም በኤሌክትሪክ መኪና ተሞላች። የብዙዎቹ ባትሪ ከ300 ቮልት በላይ ነው፤ ይሄን ከፍተኛ ቮልት የሚያስተላልፈውን ብርቱካናማ ገመድ ያለ ጥንቃቄ የነካካ ሰው ሊሞት ይችላል። ማን አሳየን? የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ እንዲስማማ የሚቀይረውን ኢንቨርተር የምናውቀው በስላይድ ሥዕል ነው።

ኢንተርንሺፕ ስንወጣ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ያደገው ልጅ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ብቻ ብልሽቱን ይናገራል (እጁ ይባረክ፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም)፣ እኛ ግን የምርመራ ማሽኑ የት እንደሚሰካ እንፈልጋለን። አምስት ዓመት ሙሉ ተምሮ የፍሬን ሸራ እንኳ ቀይሮ የማያውቅን ልጅ ኢንጂነር ብሎ ማስመረቅ ምን የሚሉት ነው? ቤተሰብ እኮ ከሌለው ላይ ቆርጦ ነው የሚልክልን።

አዲስ መኪና ግዙልን አላልንም። አንድ የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪናና የሚያውቅ ባለሙያ አምጡልን፣ ፈታተን እንማርበታለን።